ሮማዊ ልጅ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ

የምህንድስና ተማሪ እያለሁ ለኢንተርንሺፕ ያመለከትኩበት አንድ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። በኢሜይል የመጣው መልእክት «ማክሰኞ 9:00» ይላል። እኔ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ፤ ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ። እኛ ቤት ዘጠኝ ሰዓት ማለት ምሳ ከተበላ ቆይቶ፣ ጠራራው በረድ ሲል ነው። ስለዚህ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ ከቀጠሮው ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቷን አይታ «ወንድሜ፣ ያንተ ቀጠሮ እኮ ጧት ሦስት ሰዓት ነበር!» አለችኝ። አጠገቧ የቆመ አንድ ሰውዬ ደግሞ «የኛ ሰዓት አቆጣጠር ግልብጥ ነው፤ ለሌላው ዓለም አይገባም» ብሎ ሳቀ። ኢንተርንሺፑ በዚያው ቀረ።

ያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ዛሬ ግን አለኝ። ከ1,900 ዓመት በፊት በሮም ከተማ የሚኖር አንድ ልጅ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና» ቢባል እሱም እንደ እኔ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነበር። ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን እንሳቅ ነበር ማለት ነው።

ሮማውያን ቀኑን ጀንበር ከምትወጣበት እስከምትገባበት ድረስ ለአሥራ ሁለት ይከፍሉታል። ፀሐይ ስትወጣ የመጀመሪያው ሰዓት ይጀምራል፤ ስድስተኛው ሲያልቅ ቀትር ይሆናል፤ አሥራ ሁለተኛው ሲያልቅ ፀሐይ ትጠልቃለች። ሌሊቱም እንዲሁ አሥራ ሁለት ሰዓት አለው። አያታችሁ የምትቆጥረው እንዲህ አይደል?

እስቲ የዚያን ሮማዊ ልጅ ውሎ በራሳችን ሰዓት እንከተለው።

ሌሊቱ ገና አልነጋም። ሮማውያን ለሌሊቱ ክፍሎች ስም ነበራቸው፤ አንደኛው በቀጥታ «የዶሮ ጩኸት» ማለት ነው። ልጁ የድሃ ልጅ ከሆነ የሚተኛው ፎቅ ላይ ነው። በሮም ፎቅ መኖር የሀብት ምልክት እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ውኃ ሽቅብ ስለማይወጣላቸው፣ ቤቱም እየተደረመሰና እየተቃጠለ ስለሚያስቸግር፣ ከላይ የሚኖረው ኪራይ ያነሰው ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ የሕንፃ ቁመት ከ70 የሮማ ጫማ (ወደ 20 ሜትር) እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። እንደ መሐንዲስ ካሰብኩት ደንብ የሚወጣው ብዙ ቤት ከወደቀ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ልጆቹ በዘይት መብራት እየታገዙ ያነባሉ። ማርሻል የሚባለው ገጣሚ ዶሮ ሳይጮህ የሚጮኸው አስተማሪ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ያማርራል። በሌሊት ቀለም ሲቀጽል ያደገ የአብነት ተማሪ ካለ ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ደብተራቸው ሰም የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ነው። በሹል ብረት ሰሙ ላይ ይጽፋሉ፤ ሲሳሳቱ ብረቱን ገልብጠው በጠፍጣፋው ጫፍ ሰሙን ደልድለው ይደመስሳሉ። እርሳስና ላጲስ ባንድ ዘንግ ላይ ማለት ነው።

ያው ማርሻል የከተማውን ውሎ በሰዓት ከፋፍሎ ጽፎታል። አንድና ሁለት ሰዓት የደጅ ጥናት ጊዜ ነው። ጎንደሬ ለዚህ ነገር ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ ድሃው የሀብታሙ በር ላይ ጧት ይቆማል፣ እጅ ይነሳል፣ ትንሽ ምግብ ወይም ሳንቲም ይሰጠዋል፣ በልዋጩ ሀብታሙ አደባባይ ሲወጣ ያጅባል። ሦስት ሰዓት ላይ ጠበቆች ችሎት ፊት ድምፃቸው እስኪዘጋ ይከራከራሉ። እስከ አምስት ሰዓት ሥራ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ዕረፍት፣ ሰባት ላይ የሥራ ማብቂያ፣ ስምንት ላይ መታጠቢያ ቤት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ዋናው ገበታ ይቀርባል። እኔ የቀረሁበት ሰዓት ሮማውያን እራት የሚጀምሩበት ነበር።

ምን ይበላሉ? ዳቦ፣ በዋናነት። በጥንቱ ዘመን ግን ምግባቸው ከእህል የሚሠራ ገንፎ ነበር፤ ፕሊኒ የሚባለው ጸሐፊ ሮማውያን ለረጅም ጊዜ የኖሩት በዳቦ ሳይሆን በገንፎ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ79 ቬሱቪየስ ተራራ ፈንድቶ ፖምፔይ የምትባለውን ከተማ በአመድ ሲቀብራት፣ በአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ የነበሩ 81 ዳቦዎች እንደ ከሰል ጠቁረው እስከ ዘመናችን ቆይተዋል። የወፍጮ ድንጋዮቹም እዚያው ቆመዋል፤ አህያ እየዞረ የሚያስፈጨው ትልልቅ ወፍጮ ነው። ይህን ሁሉ ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ባሪያዎች እንደነበሩ ግን አትርሱ። የማርሻል «የዕረፍት ሰዓት» የእነሱ አልነበረም።

ሰዓት ሲሳብና ሲኮማተር

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ቀኑ ሁልጊዜ ለአሥራ ሁለት ከተከፈለ፣ ቀኑ ሲረዝም ሰዓቱም ይረዝማል፤ ቀኑ ሲያጥር ሰዓቱም ያጥራል። የሮማውያን ሰዓት እንደ ላስቲክ ነው።

ሮም ያለችው ወደ 42 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። እዚያ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ለአሥራ ሁለት አካፍሉት፤ አንዱ የሮማ ሰዓት ወደ 46 ደቂቃ ይሆናል። ሰኔ 14 አካባቢ ደግሞ ቀኑ ወደ አሥራ አምስት ሰዓት ከሩብ ይደርሳል፤ አንዱ ሰዓት 76 ደቂቃ! «አንድ ሰዓት ጠብቀኝ» የሚለው ቃል ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። ወደ ሰሜን ስንሄድ ይብሳል፤ ስቶክሆልም ላይ በዚህ ስሌት አንዱ ሰዓት በታኅሣሥ 30 ደቂቃ፣ በሰኔ ከ90 ደቂቃ በላይ ነው።

መካነ ኢየሱስን በዚያው ቀመር አሰላኋት። ኬክሮሷ 11.6 ዲግሪ ሰሜን ነው። ታኅሣሥ ላይ ሰዓቱ 57 ደቂቃ፣ ሰኔ ላይ 64 ደቂቃ። ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ ሰባት ደቂቃ ብቻ!

ይህ ቁጥር ብዙ ነገር ይናገራል። ጥርስ ያለው፣ በብረት የሚሠራ ሰዓት አውሮፓ ውስጥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲስፋፋ አንድ ችግር ነበረበት፦ ማሽኑ ሰዓቱን መሳብና ማኮማተር አይችልም፤ ሁሉንም እኩል ይቆጥራል። ከፀሐይ መውጫ የሚነሳ አቆጣጠርና እኩል የሚቆጥር ማሽን ስቶክሆልም ላይ ተጣልተው ይለያያሉ። እስቴ ላይ ግን ተስማምተው ይኖራሉ። ጀንበር እዚህ በየወሩ ብዙ አትዘገይም፣ ብዙም አትቀድምም፤ የክንድ ሰዓት አስረንም «አሁን ነጋ፣ አንድ ሰዓት ሆነ» ማለት እንችላለን። ያ የሳቀብኝ ሰውዬ «ግልብጥ» ያለው አቆጣጠር ለምድር ወገብ ቅርብ ለሆነ አገር በልክ የተሰፋ ነው። ኬንያና ታንዛኒያ ያሉ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንዲሁ ከንጋትና ከምሽት ነው የሚቆጥሩት።

በሐቅ ለመናገር ግን ከእኩለ ሌሊት መነሳቱም ቢሆን ሮማዊ ሥር አለው። ሮማውያን በሕግ ጉዳይ ዕለቱ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው ይሉ ነበር። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይለውጡታል፣ ሰዓቱን ከንጋት ይቆጥሩታል። ዛሬ ስልኬ ላይ ያሉት ሁለቱም አቆጣጠሮች ሮም ውስጥ ባንድ ቤት ይኖሩ ነበር።

የሰው ሰዓት አምጥቶ 99 ዓመት

ፕሊኒ ከነገረን ታሪኮች በጣም የምወደው ይህን ነው። ሮማውያን መጀመሪያ ላይ ሰዓት የሚባል መሣሪያ አልነበራቸውም። ቀትር መሆኑን የሚያውጀው አንድ የመንግሥት አገልጋይ ነበር፤ ከምክር ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ፀሐይዋ በሁለት የታወቁ ቦታዎች መካከል ስትታየው «ቀትር ሆነ!» ብሎ ይጮሃል። ደመና ከሆነስ? ዝም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ263 ቫሌሪየስ ሜሳላ የሚባል የጦር አዛዥ ሲሲሊ ላይ ያለችውን የካታኒያን ከተማ ይዞ፣ ከዚያ አንድ የፀሐይ ሰዓት ማርኮ አመጣ። ሮም መሀል አደባባይ ላይ ተተከለ። ሁሉም ሰው በኩራት ያየዋል። ነገር ግን ሰዓቱ የተቀረጸው ለካታኒያ ነበር፤ ካታኒያ ደግሞ ከሮም ወደ ደቡብ አራት ዲግሪ ከግማሽ ያህል ትርቃለች። የጥላው መስመር ከሮም ፀሐይ ጋር አይገጥምም። ልዩነቱ ዓይን የሚወጋ ስላልነበረ ይመስለኛል፣ ከተማው በዚህ የተሳሳተ ሰዓት ለ99 ዓመት ኖረ። ለሮም የሚሆን ትክክለኛ ሰዓት የተተከለው በ164 ነው፤ ለደመናና ለሌሊት የሚያገለግል የውኃ ሰዓት ደግሞ ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ መጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ ሴኔካ፣ ሮም ውስጥ ከሁለት ሰዓቶች ይልቅ ሁለት ፈላስፎች ቶሎ ይስማማሉ እያለ ይቀልድ ነበር።

በሮማውያን ከመሳቃችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡ።

የኢትዮጵያ ሰዓት የተሠራው ለ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ይህ መስመር አገራችንን የሚያልፈው በሶማሌ ክልል፣ በዋርዴር አቅራቢያ ነው። መካነ ኢየሱስ ያለችው ወደ 38 ዲግሪ ላይ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ሰባት ዲግሪ ሲባዛ በአራት፣ 28 ደቂቃ። ስለዚህ ስልካችሁ «ስድስት ሰዓት» ሲል ፀሐይዋ በእስቴ ሰማይ ገና አናት ላይ አልደረሰችም፤ በአማካይ ወደ ግማሽ ሰዓት ይቀራታል። እኛም የሌላ ቦታ ሰዓት ነው የምንጠቀመው። አገር በአንድ ሰዓት መመራቱ ለአውቶቡስም ለፈተናም ስለሚበጅ አልቃወመውም። ግን አያቴ ሰማዩን ቀና ብላ አይታ «ልጄ፣ ገና ስድስት አልሞላም» ስትለኝ፣ እኔም ስልኬን አሳይቼ «ተሳስተሻል» ያልኳት ጊዜ ሁሉ ይቆጨኛል። ልክ እሷ ነበረች።

በእግር የሚለካ ሰዓት

የፀሐይ ሰዓት መግዛት የማይችል የሮማ ገበሬ ምን ያደርጋል? ፓላዲየስ የሚባል ሮማዊ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለየወሩ አንድ ሰንጠረዥ አስቀምጧል፦ በዚህ ወር፣ በዚህ ሰዓት፣ ጥላህ ይህን ያህል ጫማ ይረዝማል የሚል። ገበሬው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ የጥላው ራስ የት እንዳረፈ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ በእግሩ እየረገጠ ይቆጥራል።

ይህን ሳነብ የትውልድ ሰፈሬ የኔታ ትዝ አሉኝ። በጾም ወራት ቅዳሴ መግቢያው መድረሱን ለማወቅ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጥላቸውን በእግራቸው ሲለኩ አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ የሚጫወቱ ነበር የመሰለኝ። በግእዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥም ለየወሩ የጥላን ርዝመት በጫማ የሚቆጥሩ ሰንጠረዦች አሉ።

ዘዴው ብልሃት አለው። «የማን እግር?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «የራስህ» ነው። ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነው፤ የሰው ቁመት በአብዛኛው ከራሱ እግር ስድስት ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የኔታም ሆኑ የአሥር ዓመት ልጅ ባንድ ጊዜ ቢለኩ ተቀራራቢ ቁጥር ያገኛሉ። ሜትር የለም፣ ማሽን የለም፣ መለኪያውም ተለኪውም አንድ ሰው ነው። እንዲያውም መጋቢት 11 ገደማ መካነ ኢየሱስ ላይ ሞክሩት፤ በፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥላችሁ ከቁመታችሁ ጋር ሊስተካከል ትንሽ ነው የሚቀረው ወይም የሚያልፈው፤ ሰባት ጫማ አካባቢ ትቆጥራላችሁ።

ታዲያ ይህ አቆጣጠር ከሮም መጣልን ማለት ነው? አይደለም። ቀንና ሌሊትን ለአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት መክፈል ከሮም በፊት ግብፃውያን የጀመሩት ነው፤ ግሪኮችና ሮማውያንም ከእነሱ የወረሱት ነው። እኛም ከግብፅ ጋር ረጅም ገመድ አለን። የሮም መርከቦች አዱሊስ ወደብ ይመላለሱ በነበረበት ዘመን የአክሱም ነገሥታት ገንዘባቸው ላይ በግሪክ ፊደል ያስጽፉ ነበር። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ፍሬምናጦስ፣ ማለትም አባ ሰላማ፣ በእስክንድርያው አትናቴዎስ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። የሦስት፣ የስድስትና የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት የእስክንድርያም የኛም ነው። ወንጌል ውስጥ የወይን አትክልት ባለቤት ሠራተኛ የሚቀጥረው በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝና በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። እንግሊዛዊ ልጅ ይህን ሲያነብ ግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። እናንተ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተቀጠረው ሰው አንድ ሰዓት ብቻ እንደሠራ ወዲያው ይገባችኋል።

እነሱ ቋንቋ ውስጥ ግን ፋናው ቀርቷል። ስፔኖች የቀትር እንቅልፋቸውን «ሲየስታ» የሚሉት ከላቲኑ «ስድስተኛ ሰዓት» ነው። እንግሊዞች ቀትርን «ኑን» የሚሉት ደግሞ «ዘጠነኛ ሰዓት» ከሚለው ቃል ነው፤ የዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎትና ማዕድ በመካከለኛው ዘመን ቀስ በቀስ ወደ ቀትር ሲሳብ ስሙም አብሮ ተሳበ።

ዘመን መቁጠሪያውም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ዩልዮስ ቄሣር ከእስክንድርያው ሶሲጌኔስ ጋር መክሮ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨምር አቆጣጠር አወጣ። በአውግስጦስ ጊዜ ግብፅ ላይም ይኸው ደንብ ገባ፤ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት የሚሆነው በዚሁ ደንብ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1582 ማሻሻያ አድርጋ ከጥቅምት 4 በቀጥታ ወደ ጥቅምት 15 ዘለለች። እኛ አልዘለልንም። በቄሣር አቆጣጠር የኛ እንቁጣጣሽ ሁልጊዜ ነሐሴ 29 ላይ (ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ 30 ላይ) ይውላል፤ በአዲሱ ደግሞ መስከረም 11 ወይም 12 ላይ። ከመሀል ያሉት 13 ቀናት ቀስ እያሉ የተጠራቀሙ ናቸው።

አሁን የናንተ ተራ ነው። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ትከሉ። ቀጥ ማለቱን ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ በቱምቢ አረጋግጡ። ሮም ላይ ታኅሣሥ 12 ቀትር ቢሆን ጥላው ከሁለት ሜትር ያልፋል፤ መካነ ኢየሱስ ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሮም ውስጥ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ደግሞ እናንተ ጋ ይሆናል፦ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ትውልና ጥላው ይጠፋል። አንዱ ነሐሴ 16 ወይም 17 ነው። ነሐሴ 16 ፍልሰታ የሚፈታበት ቀን ስለሆነ ለማስታወስ ይመቻል፤ ለማየት ግን አይመችም፣ ሰማዩ ደመና ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 12 ወይም 13 ላይ ሞክሩት። ስልካችሁ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ገደማ ሲል ዱላው ሥር ተቀመጡና ጥላውን ፈልጉት። ከዚያ በየሳምንቱ ቀትር ላይ ተመልሳችሁ ጥላው በየት አቅጣጫ እንደሚወጣ ምልክት አድርጉ፤ የሮም ልጆች ጥላ ቀትር ላይ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነበር፣ የናንተ እስከ ነሐሴ ድረስ ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው።